«ርዕሰ መስተዳድሩ በፈቃዳቸው ለቀቁ» ሲባል ምን ሆነ ማለት ነው? በእጃችን ያለው ምሪትስ?

ከምሥራቅ ጎጃም የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር ይልቃል ከፋለ ነሐሴ 2015 ላይ በገዛ ፈቃዳቸው ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ለቀቁ ተባለ። እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው ‹ተባረሩ› ይላል፣ ግማሹ ‹እሳቱ ሲነድ ጥለውን ወጡ› ይላል። ለመሆኑ አንድ ርዕሰ መስተዳድር በራሱ ፈቃድ መልቀቅ ይችላል? ሕዝብስ ሊያወርደው ይችላል? ከለቀቀ በኋላ ይጠየቃል ወይስ በዚያው ያልፋል? የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። ለመንገድ ሥራ ለተወሰደብን መሬት ካሳ እንዲከፈለን በእሳቸው ጊዜ ከርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት ምሪት (አቤቱታችንን ለሚመለከተው አካል የመራ ጽሑፍ) አግኝተን ነበር። አሁን ወረዳ ስንሄድ ‹እሱ እኮ የቀድሞው ሰውዬ ጊዜ ነው፣ አዲስ አምጡ› እያሉን ነው።»

ሁለት ጉዳይ ተቀላቅሎብሃል። የሰውየው መልቀቅ አንድ ነገር ነው፣ ያንተ ካሳ ሌላ። ወረዳውም ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ አቀላቅሎ ነው የመለሰልህ። ሁለቱንም እመልሳለሁ። ግን ከመልቀቁ ልጀምር፤ እሱ ካልገባህ ለካሳውም የማይሆን በር ስታንኳኳ ዓመት ያልፍሃል።

ርዕሰ መስተዳድር ሕዝብ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ የሚሾመው ሰው አይደለም። አንተ ምርጫ ጣቢያ ሄደህ የምትመርጠው የምክር ቤት ተወካይህን ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ላይ የክልል ከፍተኛው የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው፣ ተጠሪነቱም ለዚያው ምክር ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 59/1994 ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ስለዚህ ወንበሩ የሰውየው አይደለም፣ የምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን አንድ ፓርቲ ጠቅልሎ ከያዘው ደግሞ፣ በተግባር የፓርቲው ነው ብትል ብዙም አልተሳሳትክም።

በራሱ ፈቃድ መልቀቅ ይችላል ወይ? ይችላል። ማንም ሰው በግድ ሥልጣን ላይ አይቀመጥም። ግን ደብዳቤ ስለጻፈ ብቻ ለቀቀ አይባልም። ጉዳዩ መጀመሪያ የሚያልቀው ፓርቲው ቤት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከግምገማ በኋላ፣ በር ተዘግቶ። ከዚያ አፈ ጉባዔው ምክር ቤቱን ይጠራል፤ አስቸኳይ ጉባዔ ይባላል። ጥያቄው ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ተብሎ ምስጋና ይቀርባል፣ ተተኪው እዚያው መድረክ ላይ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። እኛ ማታ ዜና ላይ የምናየው ይህንን የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሁሌ ድንገት የሆነ የሚመስለን።

ደብዳቤ ማስገባትና መልቀቅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት ከክልሉ ወጣ እንበል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ ማስገባታቸውን በቴሌቪዥን ነገሩን። ሥልጣን ያስረከቡት መጋቢት 24 ነው። በመሃል ባሉት 46 ቀናት ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ፤ እንዲያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው መልቀቃቸውን በነገሩን ማግስት ነው። አቶ አባዱላ ገመዳ ደግሞ ከተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔነት ለመልቀቅ መወሰናቸውን በመስከረም 2010 መጨረሻ በአደባባይ ተናገሩ። በቦታቸው ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የተተኩት ሚያዝያ 2010 ላይ ነው። አየህ፣ የሚለቀው ሰው ይጠይቃል፣ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዶክተር ይልቃል እንምጣ። ከዚያ በፊት የክልሉን ትምህርት ቢሮ ይመሩ ነበር። መስከረም 20 ቀን 2014 ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ። የተረከቡት ጦርነት ላይ ያለ ክልል ነው። ወር ትንሽ ቢያልፈው ነው ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ የገቡት፤ የተመለሱት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመና አሁንስ ትንሽ ተንፈስ ሊባል ነው ተባለ። አልሆነም። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች ይበተናሉ፣ ወደ መከላከያና ወደ ፖሊስ ይገባሉ የሚለው ውሳኔ መጣ፣ ክልሉም በተቃውሞ ተናወጠ። ሚያዝያ 19 የክልሉ ብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተገደሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ ማዳበሪያ ጠፋ። ይህንን ለጎጃም ሰው አልነግረውም፤ መሬቱን አለስልሶ ዩሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ያን ሰሞን ማንን ሲረግም እንደከረመ አንተ ታውቀዋለህ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ሐምሌ 27 ቀን 2015 ርዕሰ መስተዳድሩ ለፌዴራል መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ፣ የጸጥታው ችግር በመደበኛ የሕግ ማስከበር ልንቆጣጠረው ከምንችለው በላይ ሆኗልና እርምጃ ይወሰድ የሚል ነው። በማግስቱ፣ ሐምሌ 28፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፣ ነሐሴ 8 የተወካዮች ምክር ቤት ለስድስት ወር አጸደቀው። ነሐሴ 19 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ምክር ቤት አስቸኳይ ጉባዔ ተቀምጦ የዶክተር ይልቃልን የመልቀቅ ጥያቄ ተቀበለ፣ አቶ አረጋ ከበደን ሾመ። ከደብዳቤው እስከ ስንብቱ 22 ቀን ነው።

እኔ ከመልቀቂያው በላይ የማየው ያችን የሐምሌ 27 ደብዳቤ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ነሐሴ 19 ያወራል፣ ትልቁ ነገር ግን ያለቀው ያን ዕለት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ላይ፣ ከክልል አቅም በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም የፌዴራል መንግሥት በክልሉ መስተዳድር ጥያቄ መሠረት የመከላከያ ኃይል ያሰማራል ይላል። ልብ በል፣ በክልሉ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የሚያቀርብ ርዕሰ መስተዳድር «አልቻልኩም» ብሎ በማኅተም ማረጋገጡ ነው። ሌላ ምርጫ ነበረው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ምናልባትም አልነበረውም። ግን አዋጁ ከታወጀ በኋላ ጸጥታውን የሚያዘው ኮማንድ ፖስቱ ነው፣ የክልል አመራሩ ደግሞ ስብሰባ ጠሪ ሆኖ ነው የሚቀረው። እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ብዙ የቆየ ሰው አላየሁም።

ታዲያ ተባረሩ ወይስ ለቀቁ? በሕግ ዓይን ለቀቁ፤ ጥያቄ ቀርቧል፣ ምክር ቤቱ ተቀብሏል፣ አለቀ። በፖለቲካ ዓይን ካየኸው ግን «በገዛ ፈቃድ» የሚለው ሐረግ ስለ ፈቃዱ ብዙም አይነግርህም፤ ለሁሉም የሚለበስ የክት ልብስ ነው። እውነቱን ለማወቅ ከፈለግህ ቃሉን ትተህ ሰውየው ቀጥሎ የት እንደሄደ ተመልከት። ከዶክተር ይልቃል በፊት ክልሉን የመሩትን እንይ። አቶ አያሌው ጎበዜ ታኅሣሥ 2006 ለቀቁ ተባለ፣ ብዙም ሳይቆይ በቱርክ አምባሳደር ሆኑ። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው የካቲት 29 ቀን 2011 በጥያቄያቸው ለቀቁ ተባለ፣ ሚያዝያ 10 ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አቶ ተመስገን ጥሩነህ ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ ከባሕር ዳር የተነሱት የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎትን ሊመሩ ነው፤ በ2016 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል። አቶ አገኘሁ ተሻገርም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ሆኑ። ይህ ሁሉ በአማርኛችን ዝውውር ነው። ከፍ ያለ ቦታ እየጠበቀው የሚወጣና አገር እየታመሰ የሚወጣ ሰው ዜናው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባሉ እንጂ ጉዳያቸው አንድ አይደለም።

ሌላው ምልክት ተተኪው ነው። መልቀቂያው በተነበበበት ቀን አዲሱ ሰው ቃለ መሐላ ከፈጸመ፣ ጉዳዩ ከቀናት በፊት ሌላ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ምክር ቤት ውስጥ «ለምን ይለቃሉ? ምን አጠፉ? ምን አጎደልንባቸው?» ብሎ ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር አባል ካልሰማህም እንደዚያው። ስለዚህ ሰፈርህ ውስጥ ከሚባሉት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ አልመርጥም። ሰውየው ደክሟቸው ጠይቀውም ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ ተብለውም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አንድ ላይ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። «ጥለውን ወጡ» የሚለውን ግን አልቀበለውም። ወንበሩ አንድ ሰዓት እንኳ ባዶ አልዋለም።

እዚህ ላይ ከአንድ ሰው ስም ወጥተን ወንበሩን እንየው። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015፣ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ፣ አማራ ክልል አምስት ርዕሰ መስተዳድር አስምሏል፦ ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ አቶ ተመስገን፣ አቶ አገኘሁ፣ ዶክተር ይልቃል፣ አቶ አረጋ። ከእነዚህ ዶክተር አምባቸው አራት ወር ሳይሞላቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ቢሯቸው አካባቢ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቶ ገዱ ብቻቸውን ከአምስት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ቁጥሩን ስታየው ችግሩ የሰው ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ይገባሃል። የአምስት ዓመት ዕቅድ በየዓመቱ በሚቀየር ሰው አይመራም። የቢሮ ኃላፊውም ዞን አስተዳዳሪውም «ይሄኛው ስንት ወር ይቆያል?» ብሎ ሲያሰላ ነው የሚውለው፣ ውሳኔ የሚባል ነገር ይንጠለጠላል። ያንተ ካሳም ከተንጠለጠሉት አንዱ ነው።

ምክንያቱ ምንድነው ብትል፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ሁለት ጌታ አለው። በወረቀት ላይ ተጠሪ የሆነለት ምክር ቤት አለ፣ ሕዝቡም የሚጠብቀው ከዚያ ነው። የሚሾመውና የሚያነሳው ግን ፓርቲው ነው፣ ፓርቲው ደግሞ ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱ በሚስማሙበት ጊዜ ችግር የለም። ሲጣሉ፣ ለምሳሌ በልዩ ኃይሉ ውሳኔ ጊዜ እንደታየው፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ለላይኛው ሲታዘዝ ታች ይጠላል፣ ታች ሲሰማ ላይ ይጠረጠራል። በኢሕአዴግ ጊዜ የክልሉ ፓርቲ ቢያንስ በስም ራሱን የቻለ ድርጅት ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ አቶ ገዱ ርዕሰ መስተዳድር ሳሉ የድርጅቱ ሊቀ መንበር አቶ ደመቀ መኮንን ነበሩ። ብልጽግና ሲመጣ ድርጅቱ አንድ ወጥ ሆነና ያቺም ትንሽ ክፍተት ጠበበች።

ጎጃም ይህንን ነገር ከድሮም ያውቀዋል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ተነስተው ራስ እምሩ ሲላኩ ጎጃምን የጠየቀ የለም። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ተብሎ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ሲነሱ፣ መንግሥት መጀመሪያ በጉልበት ሞከረ፣ አልሆን ሲለው ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አንስቶ ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ተካ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ደጃዝማች ፀሐዩ ግን ሥራ አላጡም፣ ወደ ከፋ ነው የተዛወሩት። ሰው አንስቶ ሕዝብ ማብረድ የዛሬ ፈጠራ አይደለም ለማለት ነው። ልዩነቱ፣ በ1960 ከሰውየው ጋር ግብሩም ተነሳ። ሕዝቡን ያበረደውም እሱ ነው እንጂ የሰው መቀየር ብቻ ባልበቃ ነበር። በ2015 ሰው ተቀየረ፣ ሰውን ያስቆጡት ጥያቄዎች ግን እዚያው ነበሩ፣ ግጭቱም ቀጠለ።

ሕዝብ ማውረድ ይችላል ወይ ላልከው፣ በቀጥታ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ይህ ግን በምርጫ ክልልህ የመረጥከውን ተወካይ የሚመለከት ነው፤ ርዕሰ መስተዳድርን በርዕሰ መስተዳድርነቱ ፊርማ አሰባስበህ አታወርደውም። እሱን ማውረድ የሚችለው ምክር ቤቱ ነው፣ እምነት አጥቻለሁ ብሎ ድምፅ በመስጠት። አማራ ክልል ውስጥ ግን በዚህ መንገድ የወረደ ርዕሰ መስተዳድር የለም፣ ከተገደሉት ከዶክተር አምባቸው በቀር ከወንበሩ የተነሱት ሁሉ ወይ «ለቀቁ» ወይ ሌላ ቦታ ተሾሙ። ሌላም አንድ ነገር ሰው ይስታል። ርዕሰ መስተዳድርነቱን የለቀቀ ሰው የምክር ቤት አባል ከሆነ ወንበሩ አብሮ አይሄድም፣ አባልነቱን ለብቻው ካልለቀቀ በስተቀር። እና የምክር ቤት ተወካይህን ስም የማታውቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን እወቅ። ርዕሰ መስተዳድሩን መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፣ ሥራውም ይኸው ነው።

ከለቀቀ በኋላ ይጠየቃል ወይ? አዎ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» የሚባለው ተረት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። መልቀቅ ከወንጀል ነፃ አያወጣም፣ ምክር ቤት ሲቀበለውም ምሕረት መስጠቱ አይደለም። የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አብዲ ሙሐመድ ዑመር ሐምሌ 30 ቀን 2010 ለቀቁ፣ ነሐሴ 21 ታሰሩ። አቶ በረከት ስምዖን በ2010 መጀመሪያ ከመንግሥት ኃላፊነታቸው በጥያቄያቸው ለቀው ነበር፤ ጥር 2011 ተይዘው ባሕር ዳር ተወሰዱና ከአቶ ታደሰ ካሳ ጋር ጥረት ኮርፖሬት በሚባለው የክልሉ የንግድ ድርጅት ጉዳይ ተከሰው ተፈረደባቸው። ግን ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ማን ይጠየቃል የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የፖለቲካው ነፋስ ነው፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ደርሷል ብዬ አልዋሽህም። ሁለተኛ፣ ለቀቀ ማለት አጠፋ ማለት አይደለም። ዶክተር ይልቃል ስለለቀቁ ብቻ ወንጀለኛ አድርጎ ማውራት ስም ማጥፋት ነው፣ አንተንም ሊያስከስስህ ይችላል።

ይኸው አሁን ካሳህ። «የቀድሞው ሰውዬ ጊዜ ነው» የሚለው መልስ ስህተት ነው፤ አንተም የያዝከውን ወረቀት ከአቅሙ በላይ ገምተኸዋል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ማለት ነው።

የወረዳው ስህተት ይኸውልህ። ርዕሰ መስተዳድር ጽሕፈት ቤት ተቋም ነው። ደብዳቤው ወጪ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ካለው የጻፈው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፈራሚው ቢለቅም ቢሞትም ሌላ ደብዳቤ እስካልሻረው ድረስ አለ። እንደዚያ ባይሆን ኖሮ ርዕሰ መስተዳድር በተቀየረ ቁጥር የክልሉ ሹመት፣ ውልና ፈቃድ ሁሉ በፈረሰ ነበር። ሠራተኛው ራሱ የተቀጠረበት ደብዳቤ በማን ዘመን እንደተፈረመ ብትጠይቀው መልሱን ያገኘዋል።

ያንተ ስህተት ደግሞ፣ ምሪት ውሳኔ አይደለም። እስኪ አውጣና አንብበው። አብዛኛው ምሪት በማመልከቻው ራስጌ ላይ በብዕር «በአሠራሩ መሠረት ታይቶ ምላሽ ይሰጣቸው» ይላል፣ ወይም በሸኚ ደብዳቤ «ተገቢው እንዲፈጸም» ይላል። «ይህን ያህል ብር ይከፈላቸው» የሚል አታገኝበትም። ትርጉሙ፣ ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ይየው ነው፤ ያንን የሚመለከተው አካል ደግሞ ድሮም ማየት ነበረበት። ካሳ የሚገባህ ርዕሰ መስተዳድሩ ስላዘኑልህ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል ስለሚል ነው፣ ዝርዝሩ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ። ያ አዋጅ በ2016 ተሻሽሏል፣ በተለይ የፌዴራል ፕሮጀክት ካሳን ማን ይክፈል የሚለው ተቀይሯል፤ ስለዚህ ድሮ የተባዛ ቅጂ ይዘህ አትከራከር፣ ማሻሻያውንም አግኝ። የፌዴራሉን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ 1183/2012ን፣ ጥቀሱ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ተዉት፤ እሱ የክልል መሥሪያ ቤትን አይመለከትም።

እኔን የሚያስፈራኝ ጊዜው ነው። በ1161 መሠረት የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት፤ ካልረካ ወደ ይግባኝ ሰሚው ጉባዔ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህንን ትቶ ባሕር ዳር ይመላለሳል፣ አበል እየከፈለ፣ አልጋ እየያዘ፣ ምሪት ለማግኘት። ምሪቱን ይዞ ሲመለስ ቀኑ አልፏል። ምሪት ደግሞ ቀን አያስቆምም። ትዕዛዙ በጽሑፍ ደርሶህ ቀኑ አልፎ ከሆነ አብቅቶልሃል አልልህም፣ ግን ያኔ በራስህ ጉልበት አትግፋው፣ የመሬት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልግሃል። ከናካቴው በጽሑፍ ካልደረሰህ ወይም ግምቱ ተሠርቶ ክፍያው ብቻ ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው፣ ያንተም የሚመስለኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፣ አዲስ ምሪት ፍለጋ ባሕር ዳር እንዳትሄድ። ከአቶ አረጋ ጽሕፈት ቤት ብታመጣም እሳቸው ሲቀየሩ እዚያው ትመለሳለህ። ያለህን ምሪት ወጪ ቁጥርና ቀን ያዝ፣ ቅጂውን አስነሳ፣ ዋናውን ለማንም አትስጥ። የይዞታ ደብተርህን፣ መሬትህ ሲለካና ሰብልህ ሲገመት የተሞላውን ቅጽና የተፈራረማችሁበትን ቃለ ጉባዔ አንድ ላይ አድርግ። ጎረቤቶችህም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን፤ ይዞታው የየቤቱ ስለሆነ «እኛ የቀበሌው ነዋሪዎች» የሚል አንድ የጋራ ማመልከቻ አይበቃም። ሚስትህ ደብተሩ ላይ ስሟ ካለ ማመልከቻው ላይም ትፈርም። ከዚያ በጽሑፍ ጠይቅ፦ ግምቱ ስንት ነው፣ መቼ ጸደቀ፣ ያልተከፈለው በምን ምክንያት ነው፣ በጀቱ ያለው ማን ጋ ነው። ማመልከቻው የሚጻፈው ለአስተዳዳሪው ስም ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱ ነው፣ «ለወረዳው እገሌ ጽሕፈት ቤት» ተብሎ። ጉዳይህን አስፈጽማለሁ፣ ከመቶ ይህን ያህል ስጠኝ ከሚል ሰው ጋር ሻይ እንኳ አትጠጣ። እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ አቤት ማለት ትችላለህ፣ ነገር ግን እሱ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚሰጠው፣ አስገድዶ አያስከፍልም፤ እሱን እየጠበቅህ የይግባኝ ቀን እንዳታሳልፍ።

ወረዳው «አዲስ አምጡ» የሚለውን በጽሑፍ ስጡኝ በለው። አይሰጥህም፣ ማንም ባለሙያ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ፊርማውን አያኖርም። ያኔ ማመልከቻህን ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዘህ አትዙር፤ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባና ገቢ ቁጥርና ማኅተም የተመታበትን አንድ ቅጂ ይዘህ ውጣ። መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ወደ ቅሬታ ሰሚውም ወደ ፍርድ ቤትም ይዘኸው የምትቀርበው እሱን ነው።